ቡሄ በእኛ ቤት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነሐሴ በገባ ቁጥር ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። "ዱቄቱ ስንት ኪሎ ነበር?"፣ "ልጆቹ በር ላይ ናቸው፣ ምን ልስጣቸው?"፣ "ጅራፍ አዲስ አበባ የት ይገኛል?" የሚጠይቁኝ ያደግሁት ደብረ ታቦር ስለሆነ ነው። የቡሄ አገር ልጅ ሁሉን ያውቃል ብለው ያስባሉ። ሁሉን ባላውቅም አያቴ ቤት ያየሁትን አልረሳሁም። በየዓመቱ አንድ በአንድ ከምመልስ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት።

ቡሄ መቼ ነው?

ነሐሴ 13። በፈረንጆቹ ኦገስት 19 ላይ ይውላል። እንደ ፋሲካ አይዞርም፤ ጳጉሜ ስድስት ብትሆንም አምስት ይህ ቀን አይዛነፍም። ለልጅ ግን ከቀኑ ይልቅ ዋዜማው ይበልጣል። ችቦውም ሆያ ሆዬውም የሚደምቀው ነሐሴ 12 ማታ ነው።

ሥራና ቢሮ ይዘጋል?

አይዘጋም። የሕዝብ በዓል አይደለም። ትምህርት ቤት ግን ድሮም ክረምት ስለሆነ ዝግ ነው፤ ልጆቹ የሚፈልጉትም ይኸንኑ ነው።

ውጭ አገር ያሉ ልጆቼ "የሰመር በዓል" ይሉታል። ልክ ናቸው?

ባሉበት አገር ልክ ናቸው። ኦገስት አሜሪካና አውሮፓ የሙቀት ወር ነው። እኛ ጋ ግን ጭቃ ነው፣ ጉም ነው፣ ያልደረቀ ልብስ ነው። "ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት" ይባላል። አያቴ ይህን ብላ አፏን ሳትዘጋ በረዶ የወረደበትን ዓመት አስታውሳለሁ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። "እሱ የመሄጃው ነው" አለች።

በርግጥ ዝናቡ እስከ መስከረም ይቆያል። አባባሉ ግን ስለ ዝናቡ ልክ ብቻ አይደለም። ሐምሌን ሙሉ ፀሐይ ያላየ ሰው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ለአንድ ሰዓት ብራ ሲሆንለት ምን እንደሚሰማው ደገኛ ያውቀዋል። ቡሄ የሚለው ቃል ራሱ ብራ፣ ገላጣ ማለት ነው ይባላል። ከቡሆ ጋር የሚያያይዙትም አሉ፤ ዳቦው ያለ ቡሆ አይሆንምና። እኔን ብትጠይቁኝ ሁለቱም ደስ ይሉኛል።

ቡሄና ደብረ ታቦር አንድ ናቸው?

አንድ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ደብረ ታቦር ትለዋለች፣ ሰፈር ቡሄ ይለዋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከዘጠኙ ዐበይት የጌታ በዓላት አንዱ ነው። ታሪኩ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 አለ። ጌታ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ ወጣ። ፊቱ እንደ ፀሐይ በራ። ሙሴና ኤልያስ ታዩ። ጴጥሮስም እዚህ መሆን መልካም ነውና ሦስት ዳስ እንሥራ አለ። በቅዳሴውም በማኅሌቱም "ታቦር ወአርሞንኤም በስምከ ይትፌሥሑ" የሚለው የዳዊት መዝሙር ከአፍ አይጠፋም።

ታቦር ተራራ ያለው እስራኤል ውስጥ ነው፣ ገሊላ፣ ከናዝሬት አጠገብ። ከፍታው 575 ሜትር ገደማ ነው። የእኛዋ ደብረ ታቦር ስሟን ከዚያ ወስዳ ራሷ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ልጅ ከእናቷ በለጠች ማለት ነው፤ ብርዱንም ጨምራ።

ሙልሙሉ ከየት መጣ?

በወንጌሉ ውስጥ ዳቦ የለም። የዳቦው ነገር ከትውፊት የመጣ ነው። የብርሃኑ ቀን በተራራው አካባቢ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ነበሩ ይባላል። ብርሃኑ ሲበዛ መሽቶም ቀን መሰላቸውና ሜዳ ላይ ቀሩ። ወላጆቻቸው ተጨንቀው ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። ችቦውም ሙልሙሉም ከዚያ ነው።

እኔ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ነሐሴ በገጠር ጎተራ የሚጎድልበት ወር ነው። የአምናው እህል አልቋል፣ የዘንድሮው ገና ሜዳ ላይ ነው። እረኛው ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ ዝናብ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ለሌላ ሰው ልጅ ዳቦ ማደል ቀላል ነገር አይደለም።

ሙልሙል ሞላላ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ የስንዴ ዳቦ ነው። አይቆረስም፤ ለአንድ ልጅ አንድ ሙሉ ይሰጣል። የክርስትና ልጅ ያለው ሰውም ለቡሄ ሙልሙል ይሰጠዋል። እኔ የክርስትና አባቴን ፊት የማስታውሰው ከዳቦው ጋር ነው። በሌላው ወር ብዙ አንገናኝም ነበር።

ለበዓሉ ዶሮ ይሠራል?

አይሠራም። ቡሄ የሚውለው በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። ጾሙ ነሐሴ 1 ገብቶ ነሐሴ 16 ይፈታል። ስለዚህ ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላልና ወተትም የለም። ሽሮ፣ ምስር፣ ዳቦ፣ ለትልልቆቹ ጠላ። ዶሮዋ ሦስት ቀን ትታገሣለች። አንዳንድ ዳቦ ቤት "የቡሄ ዳቦ" ብሎ ወተትና እንቁላል ያለበት ሲሸጥ አይቻለሁ። ለሚጾም ሰው ስትገዙ ጠይቁ።

ሙልሙል ቤቴ እንዴት ልጋግር?

ይህ ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ነው፣ ስለዚህ ረዘም ይላል።

ለአንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት 600 ሚሊ ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውሃ፣ 10 ግራም ደረቅ እርሾ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ትንሽ ዘይት። ከዚህ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሙልሙል ይወጣል። ውሃውን ሁሉንም አንዴ አትጨምሩ፤ ዱቄት ከዱቄት ይለያያል። አሥር ደቂቃ ያህል በደንብ እሹት። ሊጡ ከእጃችሁ እየለቀቀ ሲመጣ ይበቃዋል።

ከዚያ ይቦካ። ሞቅ ያለ ቤት ከሆነ በአንድ ሰዓት ተኩል እጥፍ ይሆናል። አያቴ ደረቅ እርሾ አታውቅም ነበር። ከባለፈው ሊጥ ያስቀረችውን ታደባልቅና ማታ ታቦካለች። ደብረ ታቦር በነሐሴ ቅዝቃዜ ሊጥ በቀላሉ አይነሣም። ስለዚህ ቡሃቃውን በጋቢ ትጠቀልልና ከምድጃው አጠገብ ታስተኛዋለች። ጋቢው የአያቴ ባል፣ የሽማግሌው፣ ነው። እሱ ያን ሌሊት ብርድ ልብስ ብቻ ደርቦ ያድራል። "ዛሬ ሊጡ ነው ባልሽ" እያለ ሲያጉረመርም እንሰማለን።

ሲቦካ በጡጫ ልክ ቆርጣችሁ አድቦልቡሉት፤ ከዚያ ሁለቱን ጫፍ በመዳፍ እያንከባለላችሁ አሹሉት። ሃያ ደቂቃ ዳግመኛ ይረፍ። በምጣድ ከሆነ ከሥርም ከላይም ኮባ፣ በላዩ አክንባሎ፣ እሳቱ መካከለኛ፣ አንዴ ይገለበጣል። በኦቭን ከሆነ 200 ዲግሪ ላይ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። መድረሱን ለማወቅ ገልብጣችሁ ሥሩን በጣት ኳ ኳ አድርጉት፤ ክፍት ነገር የመታችሁ ያህል ከጮኸ በስሏል። የኮባው ሽታ ግን በኦቭን አይገኝም። እሱን ተስፋ ቁረጡ።

ጅራፉ ለምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል?

ሊቃውንቱ የጅራፉ ጩኸት በተራራው ላይ የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይላሉ። በሕማማት ጌታ የተገረፈበትን ያስታውሳል የሚሉም አሉ። ልጅ ሳለን ይህ ሁሉ አይታየንም። ከታች ሰፈር ልጆች የበለጠ ማጮህ ነው ጉዳያችን።

ጅራፍ ከቃጫ ወይም ከልጥ ይገመዳል። እጀታው አጭር ዱላ ነው። ከእጀታው በኩል ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ መሄድ አለበት። ምሥጢሩ እዚያ ላይ ነው። አጎቴ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደጃፍ ተቀምጦ ይገምድልን ነበር። አንዱን ጫፍ በእግር አውራ ጣቱ ይይዛል፣ ምራቁን መዳፉ ላይ እንትፍ ይላል፣ ቃጫውን ጭኑ ላይ ያከራል። ብቻውን የሚያወራ ይመስል "ጫፉ ነው፣ ጫፉ ነው የሚጮኸው" ይላል። ትልቅ ሆኜ ፊዚክስ ስማር ልክ እንደነበር ገባኝ። ጅራፍ ሲወናጨፍ የእጁ ኃይል ወደ ቀጭኑ ጫፍ እየተላለፈ ፍጥነቱ ይጨምራል። ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል፤ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ማለት ነው። "ጧ!" የሚለው መሬት ስለመታ ሳይሆን አየሩን ስለቀደደ ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚለው ተረት ግን ሌላ ጨዋታ ነው።

ጥንቃቄ ግድ ነው። በስምንት ዓመቴ የራሴው ጅራፍ ዞሮ ጆሮዬን ጠቀለለኝ። ለሁለት ቀን ቀይ ድንች መስሎ ነበር። ልጅ ሲያጮህ በዙሪያው ቢያንስ የጅራፉን ርዝመት እጥፍ ክፍት ቦታ ይኑር። አንዳንድ አገር ጎረምሶች እርስ በርስ ይጋረፋሉ፤ እሱን ለልጆቻችሁ አታስተምሩ።

አዲስ አበባ ውስጥ ነሐሴ መግቢያ ላይ በየገበያው ጅራፍ ይሸጣል። ስትገዙ ጫፉን እዩ። ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ያለው ገመድ ነው እንጂ ጅራፍ አይደለም።

ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ ልጆች ሲመጡ ምን ይሰጣል?

መጀመሪያ ጨርሰው ይጨፍሩ። በር ላይ ሃያ ብር ወርውሮ ማባረር ነውር ነው። አንድ አውራጅ አለ፣ ሌሎቹ "ሆ!" እያሉ በዱላ መሬቱን እየመቱ ይቀበላሉ። አውራጁ ጎበዝ ከሆነ የቤቱን ጌታ ስም፣ የግቢውን ውሻ፣ አዲሱን በር ሳይቀር ግጥም ውስጥ ያስገባል። ከዘገያችሁበት፣ ነገር ያዘለ ግጥም ይመጣል፤ አትቆጡ፣ የጨዋታው ወግ ነው። ሲሰጣቸው ቆመው ይመርቃሉ። ምርቃቱን ሳትሰሙ በር አትዝጉ።

ድሮ የሚሰጠው ሙልሙል ነበር። አሁን ብር ነው። ዘመኑ ነው፣ አልከራከርም። ግን የታዘብኩትን ልንገራችሁ። ብር ስትሰጡ የሚይዘው የቡድኑ ትልቁ ልጅ ነው። ትንንሾቹ ስንት እንደደረሳቸው ሳያውቁ ይነጋል፤ ሲካፈሉም ይጣላሉ። ሙልሙል ስትሰጡ ግን እያንዳንዱ የራሱን በእጁ ይዞ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት አንድ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ዳቦውን ጃኬቱ ውስጥ ከትቶ ዚፑን እስከ አገጩ ዘጋ። ስለዚህ ምክሬ፦ ብሩንም ስጡ፣ ዝርዝር አዘጋጁ፣ ዳቦውን ግን አታስቀሩ።

የኦርቶዶክስ ልጆች ብቻ ናቸው የሚጨፍሩት?

በዓሉ የቤተ ክርስቲያን ነው። ጭፈራው ግን የሰፈር ነው። የእኛ ቡድን ምርጥ አውራጅ ሙስሊም ጎረቤታችን ነበር። ድምፁ የእሱን ያህል የሚሆን አልነበረንም። እናቱ ደግሞ የእኛን ዳቦ ስትጠብቅ አንድም ዓመት አልቀረባትም።

ሴት ልጆችስ?

ሆያ ሆዬ በልማድ የወንዶች ነው። ሴቶቹ ወር አይጠብቁም፤ ጾሙ በሚፈታበት ቀን፣ ነሐሴ 16፣ የእነሱ ይጀምራል። ዋግ ላይ ሻደይ፣ ላስታ ላሊበላ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ ይባላል። ወደ እንቁጣጣሽ ደግሞ አበባየሆሽ አለ። አሁን አሁን ከተማ ውስጥ እህቶች ከወንድሞቻቸው ጋር ቡሄ ሲጨፍሩ አያለሁ። ደግ አደረጉ። እህቴ በልጅነቷ ኮፍያ አድርጋ ተቀላቅላ ነበር፤ ያወቀባት አያቴ ብቻ ናት፣ እሷም ዝም አለች።

ችቦውን በዝናብ እንዴት ያበሩታል?

በዝግጅት ነው። ደረቅ ቀጫጭን እንጨት ከሐምሌ ጀምሮ ከምድጃው በላይ ጢስ እየመታው ይቀመጣል። ዋዜማው ማታ ይታሰራል፣ ደጅ ይበራል። ከኮረብታ ላይ ሆናችሁ ስታዩ ከየግቢው አንድ አንድ ብርሃን ብልጭ ይላል። ልጅ ብቻውን ችቦ አይያዝ፤ ነጠላም አይልበስ።

የቆሎ ተማሪዎች ከቡሄ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?

ደብረ ታቦር የተማሪ በዓል ነው። ተራራው ላይ ምሥጢር የታየው ለደቀ መዛሙርት ነውና የአብነት ተማሪዎች የራሳችን ይሉታል። ቀደም ብለው "ስለ ደብረ ታቦር" እያሉ በየቤቱ እህል፣ ጌሾ፣ ብቅል ይለምናሉ። ጠላ ይጠምቃሉ፣ ዳቦ ይጋግራሉ፣ በቀኑ መምህራቸውንና የአካባቢውን ሰው ይጋብዛሉ። ዓመቱን ሙሉ ቁራሽ የለመነ ልጅ በዚያ ቀን ጋባዥ ይሆናል። ከበዓሉ ነገር ሁሉ እኔን የሚነካኝ ይኸኛው ነው።

ደብረ ታቦር ሄጄ ማክበር እፈልጋለሁ። ምን ልወቅ?

ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወረታ ደርሳችሁ ወደ ምሥራቅ ትታጠፋላችሁ፤ ከዚያ ዳገት ነው። የመንገዱን ሁኔታ ከመነሣታችሁ በፊት እዚያ ያለ ሰው ጠይቁ። ወፍራም ልብስና የጭቃ ጫማ ያዙ። "ክረምት ነው፣ ግን ኦገስት አይደል?" ብሎ በቲሸርት የመጣ እንግዳችን ሦስቱንም ቀን የአጎቴን ካፖርት ለብሶ ነው የዋለው፤ ፎቶው ሁሉ በካፖርት ነው።

በቀኑ የኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሰው ይሞላል። ጊዜ ካላችሁ ጋፋትን እዩ፣ ከከተማው ቅርብ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ድረስ ሄዷል። ሰማዩ ከከፈተላችሁ ደግሞ የጉና ተራራ ይታያችኋል፤ በነሐሴ ግን ጉና ራሱን ለእንግዳ ቶሎ አያሳይም።

ውጭ አገር እንዴት እናክብረው?

ቀኑ ሥራ ቀን ላይ ሲውል ብዙ ጊዜ አጥቢያዎች ጭፈራውን ወደ ቅዳሜ ወይም እሑድ ያመጡታል። ቤተ ክርስቲያናችሁን ጠይቁ። ዳቦው የትም ይጋገራል። ኮባ ከሌለ የሙዝ ቅጠል ከእስያ ሱቅ ይገኛል፤ ሽታው አንድ ባይሆንም ይቀርባል። ጅራፍ አፓርትመንት ውስጥ አይሞከርም፤ ጎረቤት ተኩስ መስሎት ፖሊስ ይጠራል። ሰፊ ሜዳ ፈልጉ። በችቦ ፋንታ ጧፍ ይበቃል።

እስራኤል ያላችሁ ከሁላችንም ዕድለኞች ናችሁ፤ ተራራው ድረስ መሄድ ትችላላችሁ። ዱባይና ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ደግሞ ፈቃድም ኦቭንም ላይገኝ እንደሚችል አውቃለሁ። አንዲት የአክስቴ ልጅ ማታ በስልክ ቪዲዮ ከእኛ ጋር ትቀመጣለች። እናቷ ዳቦውን ካሜራው ላይ አስጠግታ ትቆርሳለች፣ "ሸተተሽ?" ትላታለች። "ሸተተኝ" ትላለች።

በሌላ አገርስ ይከበራል?

አዎ። ብዙ የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ኦገስት 6 ያከብሩታል። የድሮውን አቆጣጠር የሚከተሉት እንደ ሩሲያ ያሉ ኦርቶዶክሶች ግን ልክ እንደኛ ኦገስት 19 ነው የሚያከብሩት። እነሱ ፖም ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስደው ያስባርካሉ።

ልጅ የሌለበት ቤት ሙልሙል ይጋግራል?

አያቴ ቤት መጨረሻ ላይ ልጅ አልነበረም። ሁላችንም ወጣን። እሷ ግን ዋዜማው ማታ ሙልሙሉን መሶብ ላይ እየደረደረች በስም መቁጠሯን አልተወችም። ይቺ የእገሌ፣ ይቺ የእገሌ እያለች። አጎቴ፣ ያ ጅራፍ የሚገምድልን፣ አገር ጥሎ ከሄደ አሥር ዓመት አልፎትም የሱን ትቆጥር ነበር። ከሌሎቹ ትንሽ ተለቅ ታደርጋታለች። ከዚያ መጀመሪያ በሩን ለሚያንኳኳው ልጅ እሷኑ አንሥታ ትሰጠዋለች። ልጁ ለምን የሱ ትልቅ እንደሆነች ሳያውቅ እየዘለለ ይሄዳል።